የመጨረሻዎቹ 16 ቀናት፦ የሚዋዥቁ የምርጫ አስተያየት ጥናቶችን ቀን በቀን የማንበብ ሥራ ማስታወሻ

የሥራው ዓላማና ደንብ

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው የአሜሪካን የ2016 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት በኮምፒውተር ላይ መልሼ እየገነባሁ ነው። በዚያን ጊዜ የወጡትን የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች በወጡበት ቅደም ተከተል ወደ ሰንጠረዥ አስገባለሁ፤ እያንዳንዱን ቀን እንደ ዛሬ ቆጥሬ በዕለቱ በእጄ ባለው መረጃ ብቻ ግምቴን እጽፋለሁ፤ ወደ ቀጣዩ ቀን የምሻገረው ያን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ውጤቱ ከረጅም ጊዜ በፊት የታወቀ በመሆኑ፣ ስሌቱ ወደሚታወቀው መልስ እንዳያዘነብል የማስላቱን ደንብ አስቀድሜ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ መሃል ላይ የምለውጠው ነገር ካለም ምክንያቱን እዚሁ እመዘግባለሁ።

ይህን ምርጫ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት የጥናቶቹ ቁጥሮች በብዙ የተንቀሳቀሱበት ምርጫ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ባለሙያዎች ማኅበር የተፈጠረውን ነገር መርምሮ በ2017 ሰፊ ዘገባ ማውጣቱ ነው። በሥራው ሁሉ የምከታተለው ጥያቄ አንድ ነው፤ የድጋፉ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች በሚልበት ጊዜ በእርግጥ ሐሳቡን የለወጠ መራጭ አለ ወይስ የተለወጠው ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ሰው ማንነት ነው? ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ብልጫ» ስል በሁለቱ ዕጩዎች፣ በዴሞክራቷ ሂላሪ ክሊንተንና በሪፐብሊካኑ ዶናልድ ትራምፕ፣ መካከል ያለውን የመቶኛ ነጥብ ልዩነት ማለቴ ነው።

ሰንጠረዡን ማዘጋጀት

ለእያንዳንዱ ጥናት የተቋሙን ስም፣ ቃለ መጠይቁ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ የናሙናውን ብዛት፣ የተጠየቁት ሰዎች በአጠቃላይ የተመዘገቡ መራጮች ወይም ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የተለዩ መሆናቸውን፣ የሁለቱን ዕጩዎች ድርሻ፣ እንዲሁም ለሦስተኛ ወገን ዕጩዎችና ላልወሰኑ ሰዎች የቀረውን ድርሻ በየዓምዱ አስገባሁ። ጥናቱን በጊዜ መስመር ላይ የማስቀምጠው ቃለ መጠይቁ በተካሄደባቸው ቀናት መካከለኛ ቀን ላይ ነው። ይህ ጥቃቅን ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን በኖቬምበር የመጀመሪያ ቀን ለንባብ የበቃ ጥናት አብዛኛውን ቃለ መጠይቁን ያካሄደው በኦክቶበር መጨረሻ ሊሆን ስለሚችል፣ በታተመበት ቀን የሚያነበው ሰው ገና ሊለካ ያልቻለን ክስተት ተጽዕኖ በውስጡ ያየ ይመስለዋል።

ቀጥሎ የስህተት ህዳግን፣ ማለትም በናሙና አጋጣሚ ብቻ ውጤቱ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበትን መጠን፣ የሚያሰላውን ክፍል ጻፍኩ። አንድ ጥናት 1,000 ሰው ጠይቆ የስህተት ህዳጉ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 3 ነጥብ ነው ብሎ ሲያውጅ፣ ይህ ቁጥር የሚመለከተው የአንድን ዕጩ ድርሻ ብቻ ነው። አንባቢው ግን ዓይኑን የሚጥለው ብልጫው ላይ ነው፤ አንዱ ዕጩ ያገኘው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሌላው የተቀነሰ በመሆኑ የብልጫው የስህተት ህዳግ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 48 ለ46 በሆነ ውጤትና በ1,000 ሰው ናሙና ስሌቱ 6 ነጥብ ገደማ ይሰጣል። በሁለት የተለያዩ ጥናቶች መካከል ብልጫው ተለወጠ ለማለት ደግሞ የሁለቱም ስህተት ስለሚጣመር ህዳጉ ወደ 8 ነጥብ ተኩል ያድጋል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት በ5 ነጥብ ይመራ የነበረ ዕጩ በዚህ ሳምንት በ1 ነጥብ ብቻ መራ ቢባል፣ በዕጣ አወጣጥ አጋጣሚ ብቻ ሊፈጠር ከሚችለው ለውጥ ግማሽ እንኳ አልሞላም። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች፣ ማለትም 3፣ 6 እና 8 ተኩል፣ ከእያንዳንዱ ጥናት ጎን በቋሚነት እንዲታዩ አደረግሁ።

ይህም ቢሆን ናሙናው ፍጹም በዕጣ የተመረጠ ቢሆን ኖሮ የሚሠራ ስሌት ነው። በተግባር እያንዳንዱ ተቋም የተገኙትን ሰዎች በዕድሜ፣ በፆታ፣ በዘር፣ አንዳንዴም በትምህርት ደረጃ እያመዛዘነ ክብደት ስለሚሰጣቸው ስህተቱ ይሰፋል፤ የክብደቱ አሰጣጥ ራሱም ውጤቱን ይለውጠዋል። ለዚህ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ኒው ዮርክ ታይምስ ያወጣው ሙከራ ነው። ጋዜጣው ፍሎሪዳ ውስጥ ከ867 ሰዎች የተሰበሰበውን አንድ ዓይነት ጥሬ መረጃ ለአራት የባለሙያ ቡድኖች ሰጠ። የጋዜጣው የራሱ ስሌት ክሊንተንን በ1 ነጥብ ሲያስቀድም፣ የአራቱ ቡድኖች ውጤት ከክሊንተን የ4 ነጥብ ብልጫ እስከ ትራምፕ የ1 ነጥብ ብልጫ ተዘረጋ። መላሾቹ ያው ራሳቸው ናቸው፣ መልሳቸውም አልተለወጠም፤ 5 ነጥብ የሚያህለው ልዩነት የመጣው «ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ባለሙያዎቹ ከሰጡት የተለያየ መልስ ነው። ይህን ልዩነት የትኛውም የታወጀ የስህተት ህዳግ አይሸፍነውም።

ኦክቶበር 23፣ ምርጫው 16 ቀን ሲቀረው

በሰንጠረዡ ላይ ዛሬ የገባው ትልቁ ቁጥር የኤቢሲ ኒውስ ነው። ከኦክቶበር 20 እስከ 22 ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የተለዩ 874 መራጮች ተጠይቀው 50 በመቶው ክሊንተንን፣ 38 በመቶው ትራምፕን እንደሚመርጡ ተናግረዋል፤ ብልጫው 12 ነጥብ ነው። ሦስተኛው ክርክር የተካሄደው ኦክቶበር 19 ሲሆን፣ ትራምፕ ስለ ሴቶች የተናገሩበት አሮጌ የቪዲዮ ቅጂ ለሕዝብ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም። የዕለቱ ዜና በአንድ አቅጣጫ ይነፍሳል።

ለዚህ ጥናት በራሱ ዘገባ ውስጥ የሰፈረ አንድ ማብራሪያ ከዋናው ቁጥር ይልቅ ትኩረቴን ሳበው፤ ከተመዘገቡ ሪፐብሊካን መራጮች መካከል ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የሚቆጠሩት ከኦክቶበር አጋማሽ ወዲህ በ7 ነጥብ ቀንሰዋል ይላል። ይህ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማየት ትንሽ ስሌት ሠራሁ። ከ1,000 የተመዘገቡ መራጮች 480ው አንደኛውን ዕጩ፣ 450ው ሁለተኛውን ይደግፋሉ፣ 70ው ሌላ ናቸው ወይም አልወሰኑም እንበል። ከሁለቱም ደጋፊዎች 80 በመቶው፣ ከቀሩት ደግሞ 60 በመቶው ድምፅ ይሰጣሉ የሚባሉትን በሚለየው ማጣሪያ ቢያልፉ ብልጫው 3 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ከሁለተኛው ዕጩ ደጋፊዎች የሚያልፉት ከ80 ወደ 74 በመቶ ብቻ ቢወርዱ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ብልጫው ወደ 6.7 ነጥብ ያድጋል። ከ1,000ው ሰው አንድም ሐሳቡን የለወጠ የለም። የተለወጠው ተስፋ የቆረጠ ደጋፊ «በእርግጠኝነት እመርጣለሁ» ለማለት ያለው ፍላጎት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በምርጫው ቀን ከቤቱ ወጥቶ ሲሰለፍ የሚገኝበት ዕድል ሰፊ ነው።

በዚህ ምክንያት አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ ተቋሙ የተመዘገቡ መራጮችን ውጤትም ካወጣ ከማጣሪያው በኋላ ካለው ውጤት ጎን ለጎን አስገባዋለሁ። ሁለቱ አብረው ከተንቀሳቀሱ የድጋፍ ለውጥ አለ ብዬ አስባለሁ፤ የተጣራው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ግን ለውጡ የስሜት ነው ብዬ በጥርጣሬ እይዘዋለሁ። የዛሬው ግምቴ፦ ክሊንተን በግልጽ ይመራሉ፤ 12 የሚለው ቁጥር ግን የከፍታው ጫፍ ነው።

ኦክቶበር 26

ዛሬ የሠራሁት አማካይ በሚሰላበት መንገድ ላይ ነው። ቀላል አማካይ የሚያታልለው ጥናቶቹ ተራ በተራ ሲገቡና ሲወጡ ነው። ሦስት ተቋማት 5፣ 4 እና 3 ነጥብ ብልጫ ቢያሳዩ አማካዩ 4 ነው፤ በማግስቱ ለወትሮውም በተቃራኒው አቅጣጫ 3 ነጥብ የሚያሳይ አራተኛ ተቋም አዲስ ጥናት ቢያወጣ አማካዩ ወደ 2.25 ይወርዳል። በዜና ላይ «ብልጫው በአንድ ሌሊት በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረው» ይባላል፤ አራተኛው ተቋም ግን ባለፈው ወርም ያንኑ ቁጥር ነበር ያወጣው።

መፍትሔው የእያንዳንዱን ተቋም ልማዳዊ ዝንባሌ ለይቶ ማውጣት ነው። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ተቋም ውጤት በተመሳሳይ ቀናት ከነበረው የሁሉም አማካይ ጋር ያወዳድርና የተለመደውን ርቀቱን ያሰላል፤ ከዚያም ያን ርቀት ይቀንሳል። ይህ ከተደረገ በኋላ መስመሩ በጣም ረጋ። ሆኖም ይህ እርማት የማይነካው ነገር አለ። ዝንባሌው የሚለካው ከአማካዩ አንጻር ስለሆነ ሁሉም ተቋማት በአንድ አቅጣጫ ከእውነታው ቢርቁ ፕሮግራሙ ምንም አያይም። እርማቱ ተቋማቱን እርስ በርስ ያስማማል እንጂ ከምርጫ ኮሮጆው ጋር አያስማማቸውም። ይህን ዐረፍተ ነገር በፕሮግራሙ ማብራሪያ ውስጥም ጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱም የረጋ መስመር ያየ ሰው ትክክለኛ መስመር ያየ እንዲመስለው አልፈልግም።

የሎስ አንጀለስ ታይምስና የሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ጥናት ለዚህ ልዩ ምሳሌ ነው። ይህ ጥናት በየጊዜው አዲስ ሰው በመፈለግ ፈንታ ያው 3,000 ገደማ ሰዎች ያሉበትን ቋሚ ቡድን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ዓመቱን ሙሉም ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ ነጥብ ወደ ትራምፕ ያዘነበለ ነበር። የክብደት አሰጣጡ እጅግ ዝርዝር ከመሆኑ የተነሳ አንድ ተሳታፊ ብቻውን የአማካይ ተሳታፊን 30 እጥፍ የሚያህል ክብደት የነበረው መሆኑ በዚያው ወር ተዘግቧል። ብዙ ሰዎች ጥናቱን ጭራሽ ከስሌት አውጥተውት ነበር፤ እኔ አላወጣሁትም። ደረጃው የተዛባ ቢሆንም የሚጠይቀው ያንኑ ሰው በመሆኑ፣ ሰዎች በእርግጥ ሐሳባቸውን መለወጣቸውን ለማየት ከሌሎቹ የተሻለ መሣሪያ ነው። ደረጃውን ትቼ እንቅስቃሴውን ብቻ እወስዳለሁ።

ኦክቶበር 28፣ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው

የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ ከክሊንተን የግል ኢሜይል ጉዳይ ጋር የተያያዙ አዳዲስ መልእክቶች መገኘታቸውን ዛሬ ለኮንግረስ በደብዳቤ አሳወቁ። ከአሁን በኋላ የሚወጣ ማንኛውም ለውጥ ለዚህ ደብዳቤ እንደሚሰጥ ከወዲሁ ግልጽ ስለሆነ፣ ሌላ ቁጥር ከማስገባቴ በፊት መስመሩ ያለበትን ሁኔታ መመዝገብ ፈለግሁ፤ የኤቢሲው ብልጫ ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት በተካሄዱት ቃለ መጠይቆች ውስጥ ቀድሞውኑ ወደ ጥቂት ነጥቦች ወርዷል። ቁልቁለቱ የጀመረው ከክስተቱ በፊት ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የቀን መቁጠሪያ ከጎን ሳያስቀምጡ ማየት አይቻልም። ክስተቱና ለውጡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለተገናኙ ብቻ አንዱ ሌላውን ወለደው ማለት፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ በጣም የተለመደው ነው።

ኖቬምበር 1፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው

የኤቢሲ ኒውስና የዋሽንግተን ፖስት የጋራ ጥናት ዛሬ ትራምፕን 46፣ ክሊንተንን 45 አድርጎ ወጣ። ከዘጠኝ ቀን በፊት 12 ነጥብ የነበረው ብልጫ ወደ ተቃራኒው ወገን ተሻግሯል፤ ጠቅላላው እንቅስቃሴ 13 ነጥብ ነው።

ይህን በዝርዝር ልመርምረው። የመጀመሪያው ናሙና 874፣ የአሁኑ ከ1,100 በላይ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ላለው የብልጫ ለውጥ የስህተት ህዳጉ 8 ነጥብ ገደማ ነው። ለክብደት አሰጣጥ ሩብ ያህል ብጨምርበት ወደ 10 ነጥብ ይሰፋል። ስለዚህ 13 ነጥብ በዕጣ አጋጣሚ ብቻ ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም፤ ጥናቱን የማምን ከሆነ አንድ እውነተኛ ነገር ተከስቷል። በሌላ በኩል ይህ ንጽጽር ከተከታታይ ውጤቶች መካከል ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መርጦ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነው፤ ጫፍና ጫፍ ተመርጦ ሲነጻጸር ልዩነቱ ከተለመደው ይልቅ የገነነ መሆኑ አይቀርም። ከዚህም ጋር በዚያው ሳምንት የወጡ ሌሎች ጥናቶች፣ ቋሚውን ቡድን ጨምሮ፣ ወደ ትራምፕ ቢያዘነብሉም የዚህን ሩብ ያህል እንኳ የተንቀሳቀሱት ጥቂቶቹ ናቸው።

የቀረው ማብራሪያ የሚመልሰው ሰው ማንነት ነው። የፒው የምርምር ማዕከል የስልክ ጥናቶች ምላሽ በ1997 ከተደወለላቸው 36 በመቶ የነበረ ሲሆን በ2016 ወደ 9 በመቶ ወርዷል። በዚህ ደረጃ ላይ ጥቃቅን ለውጥ ምን እንደሚያደርግ ማስላት ቀላል ነው። ሁለት ዕጩዎች እኩል ደጋፊ አላቸው፤ ለሁለቱም ወገን 1,000 ሰው ይደወላል። ከአንደኛው ወገን 10 በመቶው፣ ከሁለተኛው 9 በመቶው ስልኩን አንስተው ቢመልሱ፣ 100 መላሾች ከ90 ጋር ይቆማሉ፤ ውጤቱ 52.6 ለ47.4 ነው። ከመቶ አንድ ሰው ብቻ ስልክ ለማንሳት ፈቃደኛነቱ ስለቀነሰ 5 ነጥብ ብልጫ ተፈጠረ። ዕጩው በመጥፎ ዜና የተዋጠበት ደጋፊ ስለ ፖለቲካ ለማያውቀው ሰው ማውራት አይፈልግም፤ ዜናው ሲገለበጥ ተራው የሌላኛው ወገን ደጋፊ ይሆናል።

ይህ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2012 ምርጫ ከኦክቶበር 3ቱ የመጀመሪያ የኦባማና የሮምኒ ክርክር በኋላ በጥናቶች ላይ የታየውን ትልቅ መዋዠቅ አንድሩ ጌልማንና ባልደረቦቹ ተከታትለው ሲመረምሩ፣ አብዛኛው የመጣው የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች መልስ ለመስጠት ያላቸው ፍላጎት በመለዋወጡ መሆኑን አሳይተዋል። መላሾቹ ፓርቲያቸውን መሠረት በማድረግ ከተመዘኑ በኋላ መስመሩ ወደ መርጋት ይሄዳል።

በዚህ መሠረት ደንቡን ዛሬ ለወጥኩ። የትኛውም ተቋም የመላሾቹን የፓርቲ ወገንተኝነት ወይም ባለፈው ምርጫ የሰጡትን ድምፅ ስርጭት ካወጣ፣ ፕሮግራሙ ይህን ስርጭት ከቀደመው ጥናቱ ጋር አስተያይቶ ከለውጡ ምን ያህሉ በዚህ ሊገለጽ እንደሚችል ያሳያል። መረጃውን ለማያወጡት ተቋማት ይህ ዓምድ ባዶ ይቀራል፤ ባዶነቱም ለአንባቢው አንድ መረጃ ነው። የዛሬው ግምቴ፦ ክሊንተን በ3 ነጥብ ገደማ ይመራሉ፤ ከዘጠኝ ቀን በፊትም እውነተኛው ብልጫ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ኖቬምበር 2

ወደ ግዛቶች ተሻገርኩ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በየግዛቱ በሚገኙ የመራጭ ተወካዮች ድምፅ በመሆኑ የአገር አቀፉ መስመር ብቻውን በቂ አይደለም። የማርኬት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የመጨረሻ የዊስኮንሲን ጥናት ዛሬ ወጣ፤ ክሊንተን 46፣ ትራምፕ 40።

ብዙዎች የሚያነቡት 6 የሚለውን ቁጥር ነው። እኔ ያሰመርኩበት 46 እና 40 ተደምረው የሚሰጡት 86 ነው፤ 14 በመቶው ከሁለቱ ዕጩዎች ውጭ ነው። 6 ነጥብ ብልጫ በ53 ለ47 ውስጥና በ46 ለ40 ውስጥ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው መሪው ከግማሽ በላይ ይዟል፤ በሁለተኛው ግን ያልወሰኑትና ከሦስተኛ ወገን የሚመለሱት ሰዎች ብቻቸውን ውጤቱን ሊገለብጡ ይችላሉ። በተጨማሪም የጥናቱ ቃለ መጠይቅ ኦክቶበር 31 ያበቃ ስለሆነ የመጨረሻውን ሳምንት ጭራሽ አይለካም። ፕሮግራሙ ከአሁን በኋላ ብልጫውን ከቀረው ድርሻ ጋር አካፍሎ ያሳያል፤ ከአንድ በታች የሆነ ቁጥር ሁሉ በቀይ ይወጣል። ዊስኮንሲን 0.43 አግኝታ በቀይ ወጥታለች።

ኖቬምበር 4

ዛሬ የጨመርኩት ቁጥር ጥቂት ነው። የመስመሩን የማስታወስ ርዝመት ግን ፈተሽኩ፤ ፕሮግራሙ የቆየ ጥናትን ክብደት በየስንት ቀኑ በግማሽ ይቀንስ? በሁለት ቀን ባደርገው መስመሩ እያንዳንዱን ጥናት ተከትሎ ይዘላል፤ በሁለት ሳምንት ባደርገው ደግሞ እውነተኛ ለውጥ ቢመጣ ከምርጫው በኋላ ካልሆነ አያየውም። ለእውነተኛ የመጨረሻ ሰዓት ለውጥ ጥሩው ምሳሌ 1980 ነው፤ ካርተርና ሬገን ብቸኛ ክርክራቸውን ያደረጉት ኦክቶበር 28 ሲሆን ምርጫው ኖቬምበር 4 ነበር። የጋሉፕ የመጨረሻ ጥናት ሬገንን 47 ለ44 ሲያስቀድም፣ ሬገን በ10 ነጥብ ገደማ አሸነፉ። 1948ም ከዚህ የሚቆጠር ነው፤ ጋሉፕ ከምርጫው ቀደም ብሎ ቃለ መጠይቁን አቁሞ ዲዊን በ5 ነጥብ አስቀደመ፣ ትሩማን ግን 49.6 ለ45.1 አሸነፉ። ስለዚህ መንቀሳቀስ ሁሉ ውሸት ነው የሚል ደንብም አደገኛ ነው። በአምስት ቀን አስቀመጥኩት፤ በዚህ ርዝመት አንድ ጥናት ብቻውን መስመሩን ከአንድ ነጥብ በላይ አያነቃንቀውም፣ አምስት ጥናቶች በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ግን መስመሩ በሦስት ቀን ውስጥ ይከተላቸዋል።

ጎን ለጎን፦ የማይንቀሳቀስ መስመር

እዚህ ላይ ስለ ተቃራኒው ችግር ትንሽ ልጻፍ፤ ፕሮግራሙ ስለ መዋዠቅ ብቻ እንዲያስጠነቅቅ ከተደረገ ጸጥ ያለ መረጃ ሁልጊዜ ጥሩ ይመስለዋል። በ2019 የአውስትራሊያ ምርጫ ዋዜማ የወጡት የተለያዩ ተቋማት ጥናቶች ሁሉ፣ ድምፁ በሁለቱ ዋና ወገኖች መካከል ብቻ ሲከፋፈል፣ ለሌበር ፓርቲ ከ51 እስከ 52 በመቶ ሰጡ። የምርጫው ውጤት 48.5 ሆነ። እያንዳንዱ ተቋም ቢያንስ 1,500 ሰው ጠይቋል ብዬ ባስብ እንኳ፣ በዕጣ አጋጣሚ ብቻ የአንዱ ውጤት ከሌላው የሚርቅበት የተለመደ ስፋት ወደ 1.3 ነጥብ ነው፤ ጥናቶቹ ግን ከዚህ በጣም ባነሰ ክልል ውስጥ ታጭቀዋል። ነጻ ሆነው የተካሄዱ ጥናቶች የግድ መበታተን አለባቸው። ሳይበታተኑ ሲቀሩ፣ ወይ ተመሳሳይ የማስተካከያ ዘዴ ይዘዋል ወይም ተለይቶ መታየትን ፈርተዋል። በ2015 የብሪታንያ ምርጫ ሰርቬሽን የተባለው ተቋም በዋዜማው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲን 37 ለ31 የሚያስቀድም ውጤት አግኝቶ ከሌሎቹ ስለራቀበት ሳያወጣው ቀርቷል፤ ፓርቲው ያሸነፈው በዚያው መጠን ነበር። ለጥናት ከመጣ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ ያልተለመደውን ቁጥር ደብቆ ማስቀረት መረጃን ማጥፋት ነው። ፕሮግራሙ አሁን የጥናቶቹን መበታተን ከሚጠበቀው ጋር እያነጻጸረ፣ ከግማሽ በታች ሲሆን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል።

ኖቬምበር 7፣ ዋዜማ

የኤቢሲና የዋሽንግተን ፖስት የመጨረሻ ውጤት ክሊንተን 47፣ ትራምፕ 43 ነው። በዘጠኝ ቀን 13 ነጥብ ተጉዞ የነበረው መስመር በስድስት ቀን ውስጥ 5 ነጥብ ተመልሷል። የእኔ አማካይ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከ2 እና ከ5 ነጥብ ክልል አልወጣም፤ ዛሬ 3 ላይ ይገኛል።

ትልቁ ሥራ የቀረው ለዚህ 3 ምን ያህል ስፋት ልስጠው የሚለው ነው። አሥር ጥናቶችን ከ1,000 ሰው ጋር ባማክል፣ በዕጣ አጋጣሚ የሚመጣው የብልጫ ስህተት ከ6 ወደ 2 ነጥብ ገደማ ይወርዳል፤ ቁጥሩን ያየ ሰው 3 ነጥብ ብልጫ አስተማማኝ ነው ይላል። ነገር ግን በ2018 ከ4,000 በላይ የግዛት ምርጫ ጥናቶችን የመረመሩት ሺራኒ መህር፣ ሮትስቻይልድ፣ ጎኤልና ጌልማን የአንድ ጥናት አማካይ ስህተት 3.5 ነጥብ ገደማ መሆኑን፣ ይህም ከታወጀው የስህተት ህዳግ ከሚጠበቀው እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። ተጨማሪው ስህተት ጥናቶቹ ሁሉ የሚጋሩት ነው፤ ሚሊዮን ጥናት ቢማከል አይጠፋም። ምንም ያህል ሰው መጠየቅ እንደማያድን 1936 ላይ የታየ ነው፤ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን ገደማ ቅጽ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰብስቦ ላንደን ያሸንፋሉ ብሎ ነበር፤ ሩዝቬልት ከሁለት ግዛቶች በስተቀር ሁሉንም ወሰዱ።

የጋራ ስህተት በግዛቶች ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት አንድ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቬኒያ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ የመገልበጥ ዕድል አላቸው እንበል። ስህተቶቻቸው የማይገናኙ ከሆነ ሦስቱም አብረው የሚገለበጡበት ዕድል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.8 በመቶ ነው። ስህተቱ ሙሉ በሙሉ የጋራ ከሆነ ግን ያው 20 በመቶ ይሆናል። በዋዜማው ሀፊንግተን ፖስት ለክሊንተን 98 በመቶ፣ ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለው የምርጫ ትንበያ ድረ ገጽ ደግሞ 71 በመቶ ገደማ የማሸነፍ ዕድል የሰጡት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ጥናቶችን አንብበው ነው፤ ዋናው ልዩነታቸው ለጋራው ስህተት የሰጡት ቦታ ነው። እኔ ለብልጫው የሰጠሁት ክልል ከትራምፕ 3 ነጥብ እስከ ክሊንተን 9 ነጥብ ነው። ሰፊ ነው፤ መረጃው የሚያስችለው ይህን ያህል ነው።

ከውጤቱ በኋላ

ክሊንተን በአገር አቀፍ ድምፅ በ2.1 ነጥብ በለጡ፤ አማካዩ በ1 ነጥብ ብቻ ሳተ። ሦስቱን ግዛቶች ግን ትራምፕ በድምሩ 78,000 በሚጠጋ ድምፅ ወሰዱ፤ ዊስኮንሲን ከ1 ነጥብ ባነሰ። በውጤቱ ትክክል ተነበየ ተብሎ ብዙ የተወደሰው የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጥናት ትራምፕ በአገር አቀፍ ድምፅ በ3 ነጥብ ይበልጣሉ ያለ በመሆኑ 5 ነጥብ ያህል ስቷል፤ የአሸናፊውን ስም ማግኘትና መጠኑን መለካት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የባለሙያዎቹ ማኅበር ዘገባ ሁለት ዋና ምክንያቶችን ያስቀምጣል። በዊስኮንሲን፣ በፍሎሪዳና በፔንሲልቬኒያ 13 በመቶ ያህል መራጮች የወሰኑት በመጨረሻው ሳምንት ሲሆን፣ በዊስኮንሲን እነዚህ ሰዎች በ30 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት ወደ ትራምፕ አዘንብለዋል፤ በቀይ የወጣው 14 በመቶ ያለው ትርጉም ይህ ነበር። ሁለተኛው፣ ብዙ የግዛት ጥናቶች መላሾቻቸውን በትምህርት ደረጃ አላመዛዘኑም፤ ኮሌጅ የጨረሱ ሰዎች ጥናት መመለስን ይበልጥ ስለሚወዱና በዚያ ዓመት ይበልጥ ወደ ክሊንተን ስላዘነበሉ ናሙናው ከመነሻው ተዛብቷል። የኮሚ ደብዳቤን በተመለከተ ዘገባው ማስረጃው የተደባለቀ መሆኑን፣ የክሊንተን ድጋፍ መውረድ የጀመረው ከደብዳቤው ጥቂት ቀናት በፊት መሆኑን ይገልጻል።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ፣ የመጨረሻው ሳምንት ውሳኔ፣ እውነተኛ እንቅስቃሴ ነበር፤ በተወሰኑ ግዛቶች የተከናወነ፣ በዚያ ሳምንት በበቂ ጥናት ያልተለካ እንቅስቃሴ። ሁሉም የተመለከተው የአገር አቀፉ መዋዠቅ ግን በአብዛኛው የመላሾች መለዋወጥ ነበር። የትምህርት ደረጃው ስህተት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳይንቀሳቀስ በቦታው ስለቆየ የትኛውም መስመር ላይ ሊታይ አይችልም ነበር።

ቀጣዩ ሥራ የ2020ን ምርጫ በዚሁ ፕሮግራም ማስኬድ ነው። በዚያ ዓመት አብዛኞቹ ተቋማት በትምህርት ደረጃ አመዛዝነዋል፣ መስመሩም እስከ መጨረሻው ረግቶ ነበር፣ ያም ሆኖ የአገር አቀፍ ጥናቶች ስህተት በ40 ዓመት ውስጥ ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ሆኗል፤ ማኅበሩም በመጨረሻ ሰዓት የወሰኑ መራጮች ምክንያት እንዳልሆኑ አረጋግጧል። ከማስጀመሬ በፊት የጋራውን ስህተት ስፋት እንዳለ ትቼ፣ የመበታተን ማስጠንቀቂያውን በግዛት ደረጃም እንዲሠራ አደርጋለሁ፤ የተመዘገቡ መራጮችን ዓምድ ለሚሞሉ ተቋማትም ተጨማሪ ክብደት እሰጣለሁ።